በሚቆራረጥ መስመር 18 ጊጋባይት ከተርሚናል መጫን፦ ኤስኤፍቲፒ፣ አርሲንክ ወይስ ኤልኤፍቲፒ?

ቀረጻ_ክፍል

ሰላም ለሁላችሁ። የራዲዮ ቅጂዎች አሉን፤ 212 ዌቭ ፋይል፣ በድምሩ 18 ጊጋባይት። ከአዲስ አበባ ተነሥተው ፍራንክፈርት ወዳለ የኪራይ ሰርቨር መጫን አለባቸው። የኛ ማሽን ኡቡንቱ 22.04፣ ሰርቨሩ ዴቢያን 12 ነው። ኤስኤስኤች (ከሩቅ ማሽን ጋር በምስጠራ የሚያገናኘው) ክፍት ነው፣ ፖርቱ ግን 22 ሳይሆን 2222። የመጫኛ ፍጥነታችን ወደ 4 ሜጋቢት በሰከንድ ነው። መስመሩ ይቆራረጣል፣ መብራትም ይጠፋል።

እስካሁን ኤስኤፍቲፒ (በኤስኤስኤች በኩል ፋይል የሚያስተላልፈውን) ከፍተን «ፑት -አር» እንላለን፤ ሲቋረጥ ሁሉንም ከመጀመሪያው ይጭናል። «ፑት -ኤ» ከተቋረጠበት ያስቀጥላል ስለተባለ ባች ፋይል (ትእዛዞች ተራ በተራ የሚጻፉበት) ውስጥ ገባ፤ ገና ያልተጫነ ፋይል ላይ ሲደርስ ግን ባቹ በሙሉ ይቆማል። የሚፈለገው ይህ ነው፦ ከተቋረጠበት እንዲቀጥል፣ ሌሊት ያለ ሰው እንዲሠራ፣ ጠዋት ፋይሎቹ ሳይበላሹ መድረሳቸው እንዲታወቅ። የፋይሎቹ ስም በአማርኛ ነው፤ እሱስ ጣጣ ያመጣ ይሆን?

ጋሽ_ተርሚናል

ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ በፊደላችን እጽፋለሁ፤ ስትመታቸው በላቲን ነው። ትልቅና ትንሽ ፊደል ልዩነት የሚያመጣበት ቦታ ላይ እናገራለሁ።

መጀመሪያ ሒሳቡ። 4 ሜጋቢት ማለት በሰከንድ ግማሽ ሜጋባይት ነው፣ በሰዓት 1.8 ጊጋባይት። 18 ጊጋባይቱ መስመሩ አንዴም ባይቆረጥ 10 ሰዓት ይፈጃል። ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ብታስኬደው ከ10.8 ጊጋባይት አያልፍም። ስለዚህ ከአንድ ሌሊት በላይ የሚዘልቅ ሥራ ነው፤ ትናንት የት እንደቆመ ስክሪፕቱ ራሱ ማወቅ አለበት።

«ፑት -ኤ» ለምን ይቆማል ላልከው፦ የኦፕንኤስኤስኤች (ሊኑክስ ላይ የተለመደው የኤስኤስኤች ፕሮግራም) ክላየንት አስቀጥል ሲባል ሰርቨሩ ላይ ያለውን የፋይሉን መጠን መጀመሪያ ይጠይቃል። ፋይሉ ከሌለ ጥያቄው ይከሽፋል፤ «አዲስ ነው፣ ከዜሮ ልጀምር» አይልም። ፋይሉ ተጭኖ አልቆ ከሆነም መጠኑ እኩል ስለሚሆን ይከሽፋል። በባች ሞድ ደግሞ አንድ «ፑት» ከከሸፈ ቀሪው አይነካም። ከትእዛዙ ፊት ሰረዝ ብታስቀድም (-ፑት -ኤ እንዲህ.ዌቭ) ክሽፈቱን ችላ ብሎ ወደሚቀጥለው መስመር ያልፋል፤ አዲሱ ፋይል ግን እንደዚያው ሳይጫን ይቀራል።

ሌላም አለ። ማስቀጠሉ የሚያየው መጠንን ብቻ ነው፣ ይዘቱን አያነጻጽርም። ቅጂው ተቋርጦ ሳለ አንድ ሰው ዌቩን ከፍቶ አርትዖ ካስቀመጠው ሰርቨሩ ላይ ግማሹ ከአሮጌው፣ ግማሹ ከአዲሱ የተቀጠለ ፋይል ታገኛለህ። መጠኑ ትክክል ነው፣ ክላየንቱም ስህተት አይልም።

ስለዚህ «ፑት -ኤ» ለአንድ ትልቅ ፋይል በእጅ ሲሠራ ጥሩ ነው። ለ212 ፋይል አይሆንም።

የሌሊት_ፈረቃ

ሰርቨሩ ላይ ሼል (ትእዛዝ መምቻ) ካላችሁ ነገሩ አርሲንክ ነው፤ የጎደለውን ብቻ እየላከ ሁለት ፎልደሮችን የሚያስተካክል ፕሮግራም። በሁለቱም ወገን መኖሩን «አርሲንክ --ቨርዥን» ብለህ አረጋግጥ፤ ከሌለ በአፕት ጫነው። ትእዛዙ፦

አርሲንክ -ኤ --ፓርሻል-ዲር=.ግማሽ --ታይምአውት=60 ቅጂ/ ፍራንክ:/ስርቭ/ቅጂ/

«-ኤ» ፎልደሮቹን ከነውስጣቸው፣ ከነቀናቸውና ከነፈቃዳቸው ይወስዳል። ቀኑ መያዙ ዋና ነገር ነው፤ አርሲንክ በሚቀጥለው ሌሊት «ይሄ አልቋል» ብሎ የሚዘለው መጠንና ቀን እኩል ሲሆኑ ነው።

«--ፓርሻል-ዲር» ሲቋረጥ ግማሹን ፋይል ለብቻው ፎልደር ውስጥ ያኖረዋል፤ በሚቀጥለው ዙር ከዚያ ያነሣና የደረሰውን ክፍል በቼክሰም (ከይዘቱ በሚሰላ ቁጥር) አነጻጽሮ የጎደለውን ብቻ ይልካል። በ«-ፒ» (ትልቁ ፒ) ብትሠራም ግማሹ ይተርፋል፣ ግን በዋናው ስም ይቀመጣል፤ ፍራንክፈርት ያለው ሰው ግማሽ ፋይል ከፍቶ «ተበላሽቷል» ይላችኋል። አርሲንክ በተፈጥሮው ፋይሉን በነጥብ በሚጀምር ጊዜያዊ ስም ይጽፋል፣ ሲያልቅ ብቻ ስሙን ይቀይራል፤ ይህን ጸባዩን የሚጠብቅላችሁ «--ፓርሻል-ዲር» ነው። «--ፓርሻል-ዲር»ን ከ«--አፔንድ» ወይም ከ«--ኢንፕሌስ» ጋር አታጋባ፣ አይጣጣሙም።

የመጀመሪያዋን እዝባር ልብ በሉ። «ቅጂ/» ማለት የፎልደሩ ውስጥ ያለው፣ «ቅጂ» ያለ እዝባር ማለት ፎልደሩ ራሱ። ከተዘነጋ ሰርቨሩ ላይ ቅጂ/ቅጂ ይፈጠርና ሁሉም ነገር እንደ አዲስ መጫን ይጀምራል። ከመነሣታችሁ በፊት «-ኤን» (ትንሹ) ጨምራችሁ ባዶ ሙከራ አድርጉ፣ «-ቪ» ካከላችሁበት የሚሄደውን ዝርዝር ያሳያል።

ጋሽ_ተርሚናል

በአርሲንኩ እስማማለሁ። «ፍራንክ» የሚለው ስም ከየት መጣ ለሚል ግን፣ የኤስኤስኤች ኮንፊግ ፋይሉን መጀመሪያ አዘጋጅ። ቤትህ ፎልደር ውስጥ .ኤስኤስኤች/ኮንፊግ የሚለው ነው። እዚያ፦

ሆስት ፍራንክ
ሆስትኔም (የሰርቨሩ አድራሻ)
ፖርት 2222
ዩዘር (ስምህ)
አይደንቲቲፋይል (በይለፍ ቃል ፋንታ የሚያስገባው የቁልፍ ፋይል መንገድ)
ሰርቨርአላይቭኢንተርቫል 15
ሰርቨርአላይቭካውንትማክስ 4

ኤስኤፍቲፒም፣ ኤስሲፒም (በኤስኤስኤች ፋይል የሚገለብጠው ትእዛዝ)፣ አርሲንክም ከዚህ ያነባሉ። የፖርት ወጥመዱም አብሮ ይቀራል፤ ኤስኤስኤች ፖርት የሚቀበለው በትንሹ «-ፒ» ነው፣ ኤስኤፍቲፒና ኤስሲፒ በትልቁ። ኤስኤፍቲፒ ላይ ትንሹ «-ፒ» «ቀኑን ጠብቅ» ማለት ስለሆነ ፖርቱን በሱ ብትሰጠው 2222ን የሰርቨር ስም አድርጎ ሊወስደው ነው።

የመጨረሻዎቹ ሁለት መስመሮች ለሚቆራረጥ መስመር የግድ ናቸው። ምንም ካልጻፍክ ኢንተርቫሉ 0 ነው፣ ማለትም ክላየንቱ ሰርቨሩን «አለህ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። መስመሩ ዝም ብሎ ሲሞት ሊኑክስ ፓኬቱን ደጋግሞ እየላከ ተስፋ እስኪቆርጥ በነባሪው ቅንብር ወደ 15 ደቂቃ ይፈጃል። 15 ሰከንድ በ4 ሲባዛ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያውቀውና ይዘጋል፤ ስክሪፕቱም ወዲያው እንደገና ይሞክራል።

ሰናይ_ኮድ

ጥያቄውን ላስፋው። እስከ 2022 ድረስ ኤስሲፒ ነበር የምንጠቀመው፤ አሁን ለምን ማንም አይጠራውም?

ጋሽ_ተርሚናል

ኤስሲፒ ማስቀጠል አይችልም፣ በቃ ይሄ ነው። በ2022 ሚያዝያ የወጣው ኦፕንኤስኤስኤች 9.0 ደግሞ የኤስሲፒን ውስጥ ወደ ኤስኤፍቲፒ ፕሮቶኮል ቀይሮታል፤ ትእዛዙ ያው ነው፣ የሚሄደው ግን በኤስኤፍቲፒ ነው። ኤስኤፍቲፒ የሌለው አሮጌ ዕቃ (አንዳንድ ራውተር) ላይ ከከሸፈ «-ኦ» (ትልቁ) ወደ ድሮው ይመልሰዋል። የቀረጻ ክፍል ኡቡንቱ 22.04 ላይ ያለው የኦፕንኤስኤስኤች ስሪት 8.9 ስለሆነ ይህ ለውጥ ገና አልደረሰበትም።

ሐረግ_22

እኔ ጋ ሆስቲንጉ የሚሰጠው ኤፍቲፒ ብቻ ነው፤ ኤስኤስኤች የለም። በተርሚናል ስገባ 230 ብሎ ይቀበለኛል፣ «ኤልኤስ» ስል ግን ቆይቶ 425 ይላል። የይለፍ ቃሉ ትክክል ነው። ምንድን ነው?

ኩርባ_መንገድ

ሐረግ፣ ያንቺ ችግር የአክቲቭና የፓሲቭ ጉዳይ ነው። ኤፍቲፒ ሁለት ግንኙነት ይከፍታል። ትእዛዝሽ በፖርት 21 ይሄዳል፤ የፋይል ዝርዝርም ሆነ ፋይል የሚመጣው ግን በሌላ ግንኙነት ነው። በአክቲቭ ሞድ ክላየንትሽ አድራሻውንና ፖርቱን ይናገርና ሰርቨሩ ወደ አንቺ ይደውላል። አንቺ ደግሞ ከራውተር ጀርባ ነሽ፤ ብዙ ጊዜም ከራውተሩ በላይ አቅራቢው ራሱ አንድ የሕዝብ አድራሻ ለብዙ ደንበኛ ያካፍላል። ራውተርሽ በውጭ በኩል ያለው አድራሻ ከ100.64 እስከ 100.127 ከጀመረ ነገሩ ይሄ ነው። ሰርቨሩ መልሶ ሊያገኝሽ አይችልም፣ 425 የዚያ ውጤት ነው።

ክላየንቱ ውስጥ «ፓሲቭ» ብለሽ ምቺ፤ ሁለተኛውንም ግንኙነት አንቺው ትከፍቺያለሽ። ሰርቨሩ 227 ብሎ ስድስት ቁጥር ይመልሳል። አራቱ አድራሻ ናቸው፣ ሁለቱ ፖርት፤ አምስተኛውን በ256 አባዝተሽ ስድስተኛውን ደምሪ። ለምሳሌ 195,149 ካለ ፖርቱ 50069 ነው። አራቱ ቁጥሮች በ10 ወይም በ192.168 ከጀመሩ ሰርቨሩ የውስጥ አድራሻውን ነው የሚነግርሽ፤ ቅንብሩ ተሳስቷል። ኤልኤፍቲፒ (ኤፍቲፒንም ኤስኤፍቲፒንም የሚችል የተርሚናል ክላየንት) ይህን ራሱ ያርማል፤ ከርል (ፋይል የሚያወርድና የሚጭን የተርሚናል ትእዛዝ) ከ7.74 ስሪት ጀምሮ ያንን አድራሻ ችላ ብሎ መጀመሪያ ወደገባበት ይሄዳል። አሮጌው ኤፍቲፒ ክላየንት ግን ያምነውና ይንጠለጠላል።

ከመጫንሽ በፊት «ባይናሪ» ማለት አትርሺ። በአስኪ ሞድ ክላየንቱ የመስመር መጨረሻ ምልክቶችን ይቀይራል፤ ለጽሑፍ የታሰበ ነው፣ ድምፅና ምስል ላይ ከዋለ ግን ፋይሉ ውስጥ በአጋጣሚ 10 የሆነች ባይት ሁሉ ትነካለች። የሊኑክሱ ክላየንት ሰርቨሩ ዩኒክስ ነኝ ካለ ራሱ ወደ ባይናሪ ይቀየራል፤ የዊንዶውሱ አይቀየርም።

ሐረግ_22

ፓሲቩ ሠርቷል፣ ተባረኩ። ማሽኔ ዊንዶውስ ነው፣ በምን ነው «ፓሲቭ» የምለው? አሁን የሞከርኩት በባልደረባዬ ሊኑክስ ነው።

ኩርባ_መንገድ

የዊንዶውሱ ነባር ኤፍቲፒ ትእዛዝ ፓሲቭን ጭራሹን አያውቅም። «ኩዎት ፓስቭ» በሉት የሚል ምክር ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል፤ ሰርቨሩ 227 ይመልሳል፣ ክላየንቱ ግን መልሱን ምን እንደሚያደርገው ስለማያውቅ ዋጋ የለውም። ከርልን ተጠቀሚ፣ ዊንዶውስ 10 ውስጥ ከ2018 ጀምሮ አብሮ ይመጣል፦

ከርል -ቲ ፋይል.ዚፕ --ኤስኤስኤል-ሬክድ --ዩዘር ስም ኤፍቲፒ://አድራሻ/ፎልደር/

«-ቲ» ትልቁ ነው። የመጨረሻዋ እዝባር ከሌለች ከርል «ፎልደር» የሚል ስም ያለው ፋይል ሊፈጥር ይሞክራል። «--ዩዘር» ላይ ስሙን ብቻ ስጪ፣ የይለፍ ቃሉን ይጠይቅሻል፤ ትእዛዙ ላይ ከጻፍሽው ታሪኩ ውስጥ ይቀራል። «--ኤስኤስኤል-ሬክድ» ግንኙነቱ ካልተመሰጠረ አልገባም ማለት ነው፤ ተራ ኤፍቲፒ የይለፍ ቃልሽን በግልጽ ጽሑፍ ነው የሚልከው። ሰርቨሩ ምስጠራ አልችልም ካለ ከርል በመውጫ ቁጥር 64 ይወጣል፤ ያን ጊዜ ሆስቲንግ መቀየር እንጂ አማራጩን ማጥፋት አይመከርም። ለማስቀጠል «-ሲ -» (ትልቁ ሲ፣ ቀጥሎ ባዶ ሰረዝ) ጨምሪ። ከርል 67 ብሎ ከወጣ የይለፍ ቃሉ ነው፣ 28 ከሆነ ጊዜው አልፏል፣ 9 ከሆነ ፎልደሩ የለም ወይም አልተፈቀደልሽም። ለሌለ ፎልደር «--ኤፍቲፒ-ክሪኤት-ዲርስ» አለ።

አንድ የሚያሳስት ነገር፦ ትልቅ ፋይል ሲጫን የፖርት 21 ግንኙነት ያለ ሥራ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ መሃል ያለ ራውተር ሥራ ፈት ነው ብሎ ይቆርጠዋል። ፋይሉ ሙሉ ለሙሉ ደርሶ ሳለ ክላየንቱ የ226ን መልስ («ጭነቱ አልቋል») ሲጠብቅ ይንጠለጠልና ስህተት ይላል። እንደገና ከመጫንሽ በፊት መጠኑን ተመልከቺ።

ቀረጻ_ክፍል

ወደ አርሲንኩ ልመለስ። ቁልፍ ተሠራ፣ ኮንፊጉ ተጻፈ። ኤስኤስኤች በሰላም ይገባል። አርሲንክ ግን ፕሮቶኮሉ አልተጣጣመም፣ ሼልህ ንጹሕ ነው ወይ ይላል፤ ኤስኤፍቲፒ ደግሞ «ሪሲቭድ ሜሴጅ ቱ ሎንግ 3783831777» ብሎ ይዘጋል። ከሦስት ጊጋባይት በላይ የሆነ መልእክት ከየት መጣ?

ጋሽ_ተርሚናል

ሰርቨሩ ላይ ያለው የባሽ ማስጀመሪያ ፋይላችሁ (.ባሽአርሲ) «ሰላም» ይላል። ቁጥሩ ራሱ ይናገራል።

ኤስኤፍቲፒ ከእያንዳንዱ መልእክት በፊት በአራት ባይት ርዝመቱን ይልካል። ማስጀመሪያ ፋይሉ ጽሑፍ ካተመ ክላየንቱ የጽሑፉን የመጀመሪያ አራት ባይቶች ርዝመት ነው ብሎ ያነባቸዋል። 3783831777ን ወደ ባይት ብትበታትነው 225፣ 136፣ 176፣ 225 የሚሉ አራት ባይቶች ይወጣሉ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በዩቲኤፍ-8 (ፊደልን በባይት የመጻፊያ ሥርዓት) «ሰ» ናቸው፤ አራተኛዋ የሚቀጥለው የግዕዝ ፊደል መጀመሪያ ናት። ስለዚህ ጽሑፉ በ«ሰ» ይጀምራል፣ ቀጥሎም ሌላ የኛ ፊደል አለ። «ሰላም» ይሁን «ሰነድ» ከቁጥሩ አይታወቅም፤ ሰላምታ ይመስለኛል።

መፍትሔው ያንን ማተሚያ መስመር ማውጣት ነው፣ ወይም ሼሉ በሰው እጅ ካልተከፈተ ወዲያው የሚመለስበትን የዴቢያን ነባር መስመር ከፋይሉ አናት መልሶ ማስቀመጥ። ለማጣራት «ኤስኤስኤች ፍራንክ ትሩ» በል፤ ምንም ፊደል መታየት የለበትም።

ቀረጻ_ክፍል

«ሰላም ወደ ቅጂ ቤት» የሚል ነበር። ወጣ፣ አሁን ሁለቱም ይሠራሉ። ጋሼ እናመሰግናለን።

የሌሊት_ፈረቃ

አሁን ወደ ክሮን፣ ትእዛዝን በተወሰነ ሰዓት ራሱ ወደሚያስነሣው። ነገሮቹ በዛ ያሉ ስለሆኑ ተራ በተራ።

ሰዓቱ፦ ክሮን የሚያውቀው የ24 ሰዓቱን ነው። ከምሽቱ 5 ሰዓት 23 ነው። ማሽኑ በየትኛው የሰዓት ክልል እንዳለ በ«ታይምዴትሲቲኤል» እይ፤ ዩቲሲ (ከኛ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ያለው) ላይ ከሆነ 20 ብለህ ጻፍ።

ቁልፉ፦ ክሮን የይለፍ ሐረግ የሚጽፍለት ሰው የለውም፤ ለዚህ ሥራ ብቻ የሚያገለግል፣ ሐረግ የሌለው፣ ኢዲ25519 የሚባለው ዓይነት ቁልፍ ይኑር። ሐረግ የሌለው ቁልፍ ማሽኑ ከተሰረቀ አደጋ ነው፤ ስለዚህ ሰርቨሩ ላይ ቁልፉ ባለበት መስመር መጀመሪያ ገደብ ይጨመርበት። ለኤስኤፍቲፒ ብቻ ቢሆን «ሪስትሪክት»ና «ኢንተርናል-ኤስኤፍቲፒ» ይበቁ ነበር፤ ግን ይሄ አርሲንክን ይዘጋል። ለአርሲንክ «አርአርሲንክ» የሚባለውን አጋዥ ስክሪፕት በ«-ደብሊውኦ» ከአንድ ፎልደር ጋር እሰሩት፤ መጻፍ ብቻ ይችላል፣ ማንበብ አይችልም። አርአርሲንክ ካለ ትእዛዙ ላይ የሚጻፈው መንገድ ከታሰረው ፎልደር ወዲህ ያለው ብቻ ነው።

የሰርቨሩ አሻራ፦ የመጀመሪያው ግንኙነት በእጅ ይሁን፤ አለዚያ ክሮኑ «ሆስት ኪ ቬሪፊኬሽን ፌይልድ» ብሎ ይወጣል። «የስ» ከማለት በፊት አሻራውን በሰርቨሩ ኮንሶል ከሚታየው ጋር አስተያዩ።

ድርብርብ፦ የትናንቱ ገና ሳያልቅ የዛሬው እንዳይነሣ «ኤፍሎክ -ኤን»፣ ጠዋት እንዲያቆም «ታይምአውት 6ኤች»። ስክሪፕቱ ከከሸፈ 30 ሰከንድ ቆይቶ ይሞክር፣ ግን ለዘላለም አይሁን፤ ሰርቨሩ ዲስኩ ከሞላ የማያልቅ ዑደት ሌሊቱን ሙሉ ሎግ ብቻ ይሞላል። የአርሲንክን መውጫ ቁጥር አይቶ ይወስን፦ 255 የኤስኤስኤች ግንኙነት ነው፣ 12 መሃል ላይ መቆረጥ፣ 30 የጊዜ ማለቅ፤ እነዚህ ይደገማሉ። 11 የመጻፍ ስህተት ነው፣ ብዙ ጊዜ የዲስክ መሙላት፤ 23 ደግሞ አንዳንድ ፋይል አልሄደም፣ በፈቃድ ወይም በስም ጉዳይ፤ እነዚህ ላይ ያቁምና ያሳውቅ። «ታይምአውት» ራሱ ከቆረጠው 124 ይመልሳል፣ እሱ ስህተት አይደለም።

በክሮን መስመር ላይ የፐርሰንት ምልክት አዲስ መስመር ማለት ነው። የሎጉን ስም በቀን ልትሰይም ከሆነ ከፊቱ የኋላ እዝባር አድርግበት፣ ወይም ስክሪፕቱ ውስጥ ክተተው።

መብራቱ 23 ሰዓት ላይ ጠፍቶ ከነበረ ክሮን ያለፈውን አይደግመውም። በሲስተምዲ ታይመር (ሌላው የሊኑክስ ሥራ አስነሺ) «ፐርሲስተንት=ትሩ» ብታደርግ ማሽኑ ሲነሣ ያካክሳል፤ ግን ቀን ሊነሣም ይችላልና መስመሩን ለሥራ የምትፈልጉት ከሆነ ፍጥነቱን ገድቡ።

ሰናይ_ኮድ

ፍጥነት ለመጨመር ኤስኤፍቲፒ ላይ «-አር 256» (ትልቁ አር) ቢደረግስ? የጥያቄዎቹን ቁጥር ያበዛል።

ጋሽ_ተርሚናል

እዚህ ምንም አይጠቅምም። ነባሩ 64 ጥያቄ ነው፣ እያንዳንዱ 32 ኪሎባይት፤ በአንድ ጊዜ 2 ሜጋባይት መንገድ ላይ ይኖራል ማለት ነው። የምላሹ ጊዜ 150 ሚሊሰከንድ ቢሆን እንኳ ይህ በሰከንድ ወደ 14 ሜጋባይት ያስኬዳል። መስመሩ የሚችለው ግማሽ ሜጋባይት ነው። ጠባቡ ቱቦው ነው፣ ክላየንቱ አይደለም። ፓራለልም (ብዙ ፋይል በአንዴ መላክ) እንደዚያው፤ ኤልኤፍቲፒ ላይ ሁለት መክፈት በትንንሽ ፋይሎች መሃል ያለውን መጠበቅ ይቀንሳል፣ በትልልቅ ዌቭ ላይ ትርፉ የለም።

እውነተኛው ፍጥነት ያለው ፋይሉን ማሳነስ ላይ ነው። «ፍላክ» ድምፁን ሳያጓድል ዌቩን ብዙውን ጊዜ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ያወርደዋል፤ ንግግር ከሆነ ከዚያም ሊያንስ ይችላል። «ፍላክ --ቬሪፋይ» ሲጨመቅ መልሶ ፈትቶ ያነጻጽራል። የድምፁን ኤምዲ5ም ፋይሉ ውስጥ ይጽፋል፤ ሰርቨሩ ላይ «ፍላክ -ቲ» (ትንሹ) ቢሉት ጉዳት ካለ ይናገራል። አንድ ሌሊት ያተርፋል። የአርሲንክ «-ዜድ» (እየጨመቀ መላኩ) ግን ለዌቭ የረባ ለውጥ አያመጣም።

ቀረጻ_ክፍል

ፍላኩን እንሠራዋለን። የአማርኛ ስሞቹስ? በክሮኑ ሎግ ውስጥ ስሙ \341\210\260 በሚመስል ነገር ይወጣል።

ኩርባ_መንገድ

ፋይሉ ደህና ነው፣ የተበላሸው እይታው ነው። ክሮን ብዙ ጊዜ በባዶ ሎካል (የቋንቋና የፊደል ቅንብር) ነው የሚነሣው፤ ፕሮግራሙ ፊደሉን ማተም ስለማይችል ባይቶቹን በስምንት ቤት ያወጣቸዋል (ያ ያሳየኸው «ሰ» ነው)። ክሮንታቡ (የክሮን ሥራዎች የሚጻፉበት ፋይል) አናት ላይ ላንግ=ሲ.ዩቲኤፍ-8 ብለህ ጻፍ። ኤልኤፍቲፒ ከሆነ ይሄ ለእይታ ብቻ አይደለም፤ እሱ ስሞችን በሎካሉ መሠረት ስለሚተረጉም ሰርቨሩ ላይ የጥያቄ ምልክት የሆነ ስም ሊጽፍ ይችላል።

ሌላው ርዝመት ነው። ሊኑክስ ላይ የአንድ ስም ጣሪያ 255 ባይት ነው፣ ፊደል አይደለም። የኛ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ ስለዚህ 85 ፊደል። አርሲንክ ጊዜያዊ ስሙ ላይ የሚጨምራቸውን ለማስገባት ሲል ረጅሙን ስም ያሳጥራል፣ እሱ ችግር የለውም። «የእንግዳው ስም፣ የዝግጅቱ ርዕስ፣ ቀን» እያሉ የሚሰይሙ ግን ወደ ጣሪያው ሊጠጉ ይችላሉ። ጣሪያው ላይ ሲደርስ ስህተቱ «ፋይል ኔም ቱ ሎንግ» ነው። በስም ውስጥ ሁለት ነጥብ (:) ደግሞ ሊኑክስ ይቀበለዋል፣ ዊንዶውስ አይቀበለውም፤ የኛው «፡» ግን በሁለቱም ያልፋል።

የሌሊት_ፈረቃ

ማረጋገጫው ቀርቷል። ከመጫኑ በፊት ቅጂ ፎልደር ውስጥ ገብታችሁ ለሁሉም ፋይል «ሻ256ሰም» (የይዘቱን ቼክሰም) አስልታችሁ ድምር.ጽሑፍ ውስጥ አስቀምጡ። መንገዶቹ ከነጥብ የሚጀምሩ ይሁኑ፤ ሙሉ መንገድ ከጻፋችሁ ሰርቨሩ ላይ ያ ፎልደር ስለሌለ ሁሉም «አልተገኘም» ይላል። ድምር.ጽሑፍ ከሌሎቹ ጋር ይጫን። ጠዋት፦

ኤስኤስኤች ፍራንክ 'ሲዲ /ስርቭ/ቅጂ && ሻ256ሰም -ሲ --ኳየት ድምር.ጽሑፍ'

ምንም ካላተመና መውጫው 0 ከሆነ ሁሉም ደርሷል። ይህንን በራሳችሁ የሰው ቁልፍ ግቡበት፤ የክሮኑ ቁልፍ በአርአርሲንክ ስለታሰረ ይከለክላችኋል። ለሁለተኛው ሌሊት የተረፉት «ፌይልድ ኦፕን ኦር ሪድ» ይላሉ፣ ይጠበቃል። «ፌይልድ» ብቻ ያለ ፋይል ካለ ግን ይዘቱ ተለያይቷል፤ እሱን ብቻ ሰርቨሩ ላይ አጥፍታችሁ አርሲንኩን እንደገና አስነሡ። መጠኑና ቀኑ እኩል ከሆነ አርሲንክ ራሱ አይነካውም፣ «-ሲ» (ትንሹ) ካልጨመራችሁ በቀር።

ሰናይ_ኮድ

ሼል የማይሰጥ፣ ኤስኤፍቲፒ ብቻ የሆነ ሰርቨር ላይስ?

ጋሽ_ተርሚናል

ያን ጊዜ ኤልኤፍቲፒ ነው።

ኤልኤፍቲፒ -ዩ ስም, ኤስኤፍቲፒ://ፍራንክ
ሚረር -አር -ሲ --ፓራለል=2 ቅጂ /ቅጂ

ከስሙ በኋላ ያለችው ኮማ አትዘለል፤ «የይለፍ ቃሉ ባዶ ነው፣ በቁልፍ ግባ» ማለት ናት። «-አር» ትልቁ ነው፣ አቅጣጫውን ወደ ሰርቨር ያዞረዋል፤ ከተረሳ ከሰርቨሩ ወደ አንተ ማውረድ ይጀምራል። «-ሲ» ያስቀጥላል፣ ፋይሉ ከሌለም ከዜሮ ይጀምራል፣ እንደ «ፑት -ኤ» አይቆምም። ሰርቨሩ ቀን ማስተካከል የማይፈቅድ ከሆነ በየሌሊቱ ሁሉንም እንደ አዲስ ሊጭን ይሞክራል፤ «--ኢግኖር-ታይም» ጨምርና በመጠን ብቻ ያነጻጽር። «-ኢ» (ትንሹ) አንተ ጋ የሌለውን ሁሉ ሰርቨሩ ላይ ያጠፋል፤ መጀመሪያ «--ድራይ-ራን» ሳታይ አትንካው። እንደ አርሲንክ በጊዜያዊ ስም መጻፉን አትጠብቅ፤ ጭነቱ ወደ «መጪ» ፎልደር ይግባና ሲያልቅ በ«ኤምቪ» ወደ ዋናው ይዛወር።

ቀረጻ_ክፍል

ቀን ላይ ለመገደብ የትኛው ቁጥር ነው? ለአርሲንኩ 200 ብለን ለኤስኤፍቲፒ «-ኤል 200» ስንል በጣም ዘገየ።

ኩርባ_መንገድ

አሃዱ ይለያያል። የኤስኤፍቲፒና የኤስሲፒ «-ኤል» ኪሎቢት ነው፣ የአርሲንክ «--ቢደብሊውሊሚት» ኪሎባይት፤ ስለዚህ ያው ፍጥነት እንዲሆን ለኤስኤፍቲፒ 1600 ግድም ስጠው። የከርል «--ሊሚት-ሬት» እና የኤልኤፍቲፒ «ኔት:ሊሚት-ሬት» በባይት ናቸው፣ «200ኬ» ተብሎ ይጻፋል። ኬዋን ከረሳህ በሰከንድ 200 ባይት ይሆናል።